ከሙሽራዋ በፊት

ባቢክር በውኃ የራሰውን የዘንባባ ገመድ በአውራ ጣቱ እየጠመዘዘ በአልጋው ጠርዝ ላይ ይወጥራል። በሱዳኗ ከተማ ሸንዲ ውስጥ የሠርግ አልጋ የሚጠፍር ሌላም ሰው አለ፤ የሱ ግን አሥር ዓመት አይረግብም ይባላል። ዛሬ እጁ እምቢ አለው፤ ሁለት ጊዜ ረድፍ ስቶ ፈታ። ነገ ደግሞ አልጋው ይፈለጋል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቡ እንቅልፍ ነስቶታል። በግራ ቢተኛ ይወጋዋል፤ በቀኝ ቢተኛ እስከ ባቱ ይወርዳል። እንቅልፍ ባጣ ቁጥር በማግሥቱ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ እንቅልፉ ይርቃል።

"ምነው ፋርማሲ ሄደህ ያን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ብትገዛ!" አለችው ሚስቱ በቱል። "ስትገላበጥ እኔንም እንደ ጀልባ እያናወጥከኝ አነጋሁ።"

"ይቺን ረድፍ ልጨርስና።"

"ትናንትም ይቺን ረድፍ ነበር ያልከኝ" ብላ ወደ ጎረቤት ሄደች።

ባቢክር የጨረሰውን አልጋ ሁሉ ጋደም ብሎበት ይፈትሻል። የሙሽራ አልጋ ላይ ግን ከሙሽራዋ በፊት ማንም አይተኛም፤ እሱን በቡጢው ተጭኖ ነው የሚያየው። ዛሬ እጁን አላመነውም። ግራ ቀኙን አየና፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ብሎ፣ ጋደም አለ።

የቀሰቀሰው አልጋውን ሊያዩ የመጡ ሴቶች ሳቅ ነው።

"ሙሽሪትን ቤት ለቤት ስንፈልግ እዚህ ተኝታልሻለች!"

"ጢምም አብቅላለች፣ እዪያት!"

የሙሽራዋ አክስት ሐጃ ነዒማ ብቻ አልሳቀችም። "ባቢክር፣ ይሄን አልጋ ለልጄ አልወስድም።"

ባቢክር ከእፍረቱ ብዛት ዘሎ ተነሣ። ከተነሣ በኋላ ነው ወገቡን ሳይዝ መነሣቱ የገባው።

"ነገ ከሰዓት በአዲስ ገመድ ያገኙታል፣ ሐጃ።"

"በዚህ ወገብህ?"

"ወገቤም አብሮኝ ተኝቶ ነበር እኮ።"

ከጎረቤት የተመለሰችው በቱል ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገባችና የራሳቸውን አልጋ ተጫነችው። ገመዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

"አንተ፣ የኛ አልጋ መቼ ነው የተጠፈረው?"

ባቢክር አሰበ። "ሙስጠፋ ጥርስ ሲያበቅል መሰለኝ።"

"ልጅህ ሙስጠፋ የሦስት ልጆች አባት ነው!"

"ታዲያ የሰው አልጋ እየጠፈርኩ መቼ ልየው?"

ከሙሽራዋ አልጋ የተፈታውን ገመድ ሁለቱ ሆነው በራሳቸው አልጋ ላይ ወጠሩት፤ እሷ ጫፉን እየሳበች፣ እሱ እያጠበቀ፣ ሳያሳምሩት። ባቢክር ያን ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ተገላበጠ። ሕመሙ ጨርሶ አልተወውም፤ ጠዋት የሙሽራዋን አልጋ በአዲስ ገመድ ሲጠፍር ግን እጁ አንድም ረድፍ አልሳተም። ሐጃ ነዒማ ከሰዓት መጥታ አልጋውን አራቱንም ማዕዘን በቡጢዋ ተጫነች፤ እንከን ፈልጋ አጣች።

"ተሸከሙት" አለች፣ "ሰውየው ሳያዛጋ።"

አመሻሽ ላይ በቱል "ኪኒኑስ?" አለችው።

"ጫማዬን ላድርግና አሁን እሄዳለሁ።"

ጫማውን ሊያደርግ የራሳቸው አልጋ ላይ ተቀመጠ። በቱል ከደጅ ስትመለስ አንዱን አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ፣ ያንኮራፋል። ጫማውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችለት። ፋርማሲውም በሰዓቱ ተዘጋ።