የሐሰተኛው ሸሪፍ መጨረሻ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቴሌቪዥኑን ነው። አገሬ ላይ በፖለቲካ ስታሰር የተቀበለኝ ቅማል ነበር፤ ዳላስ ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ ሲያስሩኝ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ተቀበለኝ። የኛ ሚሊኒየም የገባበት ዓመት ነው። መብራቱ አይጠፋም፣ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከግድግዳ ግድግዳ አሥራ አንድ እርምጃውን ስመላለስ እውላለሁ።

«ልጄ፣ ራሴን አዞርከው፤ ተቀመጥ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

የወሎ ሰው ናቸው፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ። እሳቸውም አገር ቤት ታስረው የተፈቱ ናቸው፤ ከአገር የወጡት ግን በሌላ ሰው ፓስፖርት ነው። እዚህ ኤርፖርት ሲደርሱ ደንግጠው በዚያው ስም ፈረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ላይ የሚጠሩት በሰውዬው ስም ሆነ። በማግስቱ ኮርት አላቸው፣ ዳኛ ፊት ሊቀርቡ። እውነቱን ቢናገሩ ዋሽተሃል ብለው ይመልሷቸው ይሆናል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ በእውነተኛ ስማቸው የተጻፈው፣ ከእስር የተፈቱበት ወረቀት የማን ነው ሊባል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሳቸው ግን የቀረቻቸው አንዲት ንጋት ብቻ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ የሌለው የጥንት የካውቦይ ፊልም መጣ። በየመሀሉ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ እያነበብኩ እተረጉምላቸው ጀመር። አንድ ሽፍታ የሞተ ሸሪፍ፣ የሕግ አስከባሪ ማለት ነው፣ የማዕረግ ኮከብ ደረቱ ላይ ሰክቶ ከተማ ይገባል፤ ሕዝቡ ያምነዋል፣ እሱም ሕግ ማስከበሩን ይወደዋል። መጨረሻ ላይ ኮከቡን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ማንነቱን ተናገረ።

«ምን አሉት?» አሉኝ፣ ከወንበሩ ጫፍ ሆነው።

ጽሑፉ ሕግ ሕግ ነው፣ ይወሰድ ይላል። እኔ ግን ማሩት አልኳቸው። እጁን በገመድ አስረው ፈረስ ላይ ሲያወጡትም፣ ወደ ቤቱ እየሸኙት ነው አልኩ። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ፊልሙን ጨረሱት። ወዲያው ጸጸት ያዘኝ፤ ሽማግሌ አታልዬ ገደል ልከት ነው ብዬ አሥራ አንድ እርምጃዬን ቀጠልኩ።

ጠዋት ዘቡ የፓስፖርቱን ስም ጠራ። ደገመ። ሽማግሌው ተነሡ፣ የእስረኛ ልብሳቸውን ጫፍ ስበው አስተካከሉ፣ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ተናገሩ። ዘቡ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«ተርጉምለት» አሉኝ፤ «ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ተረጎምኩ።

ዳኛው ወራት አመላልሶ በራሳቸው ስም ፈታቸው። ዛሬ አርሊንግተን ይኖራሉ። ባለፈው ዒድ እንኳን አደረስዎ ልል ሄጄ፣ ያንን ውሸቴን በመጨረሻ ተናዘዝኩ። ሳቅ አሉ።

«ፊደሉን ነው እንጂ የማላውቀው፣ የታሰረ እጅማ አውቃለሁ።»

ድፍረቱን የሰጠኋቸው እኔ መስሎኝ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬያለሁ።