ለእማማ ቦሰና የመጣው ቆርቆሮ

ጀይላን እባላለሁ፤ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከባሕር ማዶ ለአገልግሎት የሚመጡትን ወጣት ክርስቲያኖች የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሙስሊም መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ ዓይናቸው ይፈጣል፤ ከዚያ ይለምዱኝና ብስኩታቸውን ያካፍሉኛል። መጥፎ ልጆች አይደሉም። ግን ያደክማሉ፤ ወላሂ ያደክማሉ። እኔስ እነሱ ሲሠሩ ወንበሬን ዘርግቼ ጋደም እላለሁ። የምታሳዝነኝ ዕፀገነት ናት።

ዕፀገነት አስተርጓሚያቸው ናት። ዓመቱን ሙሉ በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ሌላው መምህር በሚያርፍበት ክረምት ደግሞ እነዚህን ልጆች ይዛ ትዞራለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠዋት ልደታ ማርያምን ተሳልማ መኪናዬ ውስጥ ትገባና ሰንጋ ተራ ማረፊያቸው እስክንደርስ ታንቀላፋለች። እኔም ሬዲዮኑን እዘጋላታለሁ።

እዚያ ስንደርስ ሁሉም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰው፣ ጊታር እየመቱ ይዘምራሉ። አንዱ ሁልጊዜ ሆዱን ታሞ ተኝቷል። ከዚያ ጸሎት ነው፤ ከዚያ በዚያ ጭቃና ደመና ፊታቸውን የፀሐይ መከላከያ ይቀባሉ፤ ከዚያ የረሱትን ለማምጣት ሽቅብ ቁልቁል ነው። ዕፀገነት የሕፃናቱን ጨዋታ ትተረጉማለች፣ ስብከቱን ትተረጉማለች፣ የሰፈር ውሪ የሚሰድባቸውን እንኳ አለዝባ ትተረጉማለች። ወደ ማምሻው ላይ ከእኛዎቹ ወጣቶች ጋር ክብ ሠርተው ይቀመጡና "ዛሬ ምን ተሰማህ?" ይባባላሉ። የሚሰማቸው ነገር ብዙ ነው፤ ያለቅሳሉም። ያንንም የምትተረጉመው እሷ ናት። አንድ ቀን እሷኑ ጠየቋት። "እንቅልፌ መጥቷል" አለቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ዘንድሮ የያዙት ሥራ ጣሪያ መቀየር ነበር። ለአንድ ቤት የሚበቃ ቆርቆሮ ገዙ። ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች መጀመሪያ የተጠቆመላቸው የእማማ ቦሰና ቤት ነው። እማማ ቦሰና ጧሪ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ጣሪያቸው ወንፊት ሆኗል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲገፉ ነው የሚያድሩት። እሳቸው ካልፈለጉ ታች መንደር ያለው ሌላ ቤት ይሠራል ተብሏል።

የዚያን ቀን ጠዋት ዕፀገነት ድምጿ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እኔ መኪና ማዞሪያ አጥቼ መንገድ ላይ ስሟገት እነሱ ገቡ። የሆነውን የነገረችኝ በኋላ ነው። የቡድኑ አለቃ ኮዲ የሚባል ረዥም ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ "ጣሪያዎን ብንሠራልዎ ይፈቅዳሉ?" ይላቸዋል። እማማ ቦሰና ነጠላቸውን አስተካክለው "ኧረ አይሆንም ልጆቼ፣ አትድከሙ። ለባሰበት አድርጉለት" ይላሉ።

እንግዲህ ይሄ እሺ ማለት ነው። ጨዋ ሰው ይግደረደራል፣ ጠያቂው ደግሞ ይለምናል፤ ማን ነው ገና ሲጠየቅ ዘሎ እሺ የሚለው? ሌላ ቀን ቢሆን ዕፀገነት ይህቺን አትተረጉማትም። ኮዲን ቆይ ትለውና ራሷ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" እያለች ታግባባለች። የዚያን ቀን ግን ጆሮዋ የሰማውን አፏ አወጣው። "አልፈልግም፣ ለባሰበት ስጡ ይላሉ" አለች። ኮዲም ከአገሩ ሲነሳ፣ ሰው አይሆንም ካለ አታስቸግሩ ተብሎ የተማረ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና ወጣ። ታች መንደር ሄድን።

ምሳ ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ዳቦ እየበላች ድንገት ማኘኳን ተወች።

"ጀይላን፣ እማማ ቦሰናን አንዴ ብቻ ነው የጠየቅናቸው።"

"አንዴ? ከዚያ አይሆንም ሲሉ ዝም ብላችሁ ወጣችሁ?" ደሜ ፈላ። "አንቺም ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?"

ፊቷን ሳይ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

"ደከመኝ" አለች። "ደከመኝ ጀይላን፤ ማሰብ ሁሉ አቃተኝ።"

ለኮዲ ልንነግረው ሮጥን። ቆርቆሮው ተቆርጦ፣ ግማሹ ተመቶ አልቋል። "ግን እኮ አይሆንም ብለዋል" አለ ልጁ ግራ ገብቶት። ዕፀገነት ልታስረዳው ጀመረችና ተወችው። ከልቡ አዝኗል፤ ግን ሌላ ቆርቆሮ የለም፣ እነሱም ሊሄዱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ልጆቹን አድርሰን ሁለታችን ተመለስን። ዝናቡ ይወርዳል። እማማ ቦሰና ደጅ ስንደርስ አልጋቸው ውጭ ነው። ፍራሹም፣ ሣጥኑም፣ ድስቱም ሁሉ ላስቲክ ለብሶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። እሳቸው ባዶው ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"መጣችሁ?" አሉ። "እኔ ደግሞ ቀሩ ብዬ። ዕቃው እንዳያስቸግራችሁ ጎረቤት ጠርቼ አስወጣሁት።"

ቆርቆሮው ሌላ ቤት ላይ መዋሉን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እማማ ቦሰና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ደግ አደረጋችሁ" አሉ። "እኔም እኮ ለባሰበት ብያለሁ።"

ከዚያ ዕቃውን ሊያስገቡ ተነሱ። እኔና ዕፀገነት ፍራሹን በየጫፉ ያዝን። ላስቲኩ ከሥሩ አልሸፈነውም ኖሮ፣ ብድግ ስናደርገው ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ያለ ፍራሽ ላይ ውሻ እንኳ አይተኛም፤ ልቤ ነደደ።

"እማማ፣ ዛሬ እኔ ጋ ይደሩ" አለች ዕፀገነት በዚያ በተዘጋ ድምጿ።

"ኧረ አይሆንም ልጄ። ደክመሻል፤ አላስቸግርሽም።"

ዕፀገነት በእሷ በኩል ያለውን የፍራሹን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"በሞቴ" አለቻቸው።

ለመለመን ገና መጀመሯ ነበር። ሁለተኛውን ልትል አፏን ስትከፍት እማማ ቦሰና ጫማቸውን እያደረጉ ነው።