ቦርሳው ለእኔ፣ መሳሙ ለእሷ

ቅናተኛ ነኝ። ሰው ሁሉ «እኔ እንኳ ቅናት የሚባል አላውቅም» እያለ በሚምልበት ከተማ ይህን መናገር ድፍረት ይመስላል። ግን አሻንጉሊት ሱቅ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ቆሞ የማይቀና ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው። ሥራዬ የሌላ ሰው ልጅ የምትፈነድቅበትን ዕቃ በሚያብረቀርቅ ወረቀት መጠቅለል ነው። ጠቅልዬ አስረክባለሁ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ በሩን እከፍታለሁ። ልጅቷ ስትፈነድቅ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ሱቃችን ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ሥር ነው። ዓመቱን ሙሉ የልደት ፊኛና የሕፃን ጋሪ እንሸጣለን። ገና ሲቃረብ ግን አንድ ዕቃ ከሆነ ቦታ ይነሳና የከተማውን ልጅ ሁሉ ያሳብዳል። አንድ ዓመት ጣት ላይ የሚሽከረከር ባለሦስት ክንፍ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ሲሰለቹት የቢሮ ሰዎች ለራሳቸው ይገዙት ጀመር። ሌላ ዓመት ጡጦዋ ከአፏ ሲወጣ የምታለቅስ አሻንጉሊት መጣች። አንዷ ዕቃ ቤት ውስጥ ጡጦዋ ወድቆባት ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ዋለች። ባለሱቁ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «ኧረ ይህችን ልጅ አንድ በሏት!» እያሉ ሲንቆራጠጡ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ሲጫኑት ጧ ጧ የሚል ባለ ቀለም ጎማ መጣና ጆሮዬን በላው። እያንዳንዱን ዕቃ የማስታውሰው ይዘውት በሄዱት ሰዎች ነው። የሳቁትን እናቶች ሁሉ አስታውሳለሁ።

ዘንድሮ የመጣችው ደጋሚዋ ድመት ናት። ቢጫ ናት፣ ፀጉራም ናት፣ ሆዷ ውስጥ ባትሪ አለባት። የነገሯትን ነገር ወገቧን እያወዛወዘች በቀጭን ድምፅ ትደግማለች። አንዱ ልጅ ቲክቶክ ላይ ከድመቷ ጋር ሲሰዳደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በሩን የሚገፋ ሰው ሁሉ «ደጋሚዋ አለች?» ሆነ።

ባትሪ ያለው ዕቃ ሳይሞከር ከሱቅ አይወጣም። ግድግዳችን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ደንበኛም ሳያስሞክር አይከፍልም። ስለዚህ እያንዳንዷን ድመት ከመጠቅለሏ በፊት አንድ ሰው ማናገር አለበት። እኔ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» እላታለሁ። እሷም «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» ትለኛለች። በቃ፣ ትሠራለች፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ባልደረባዬ ግን እንዲህ አትሞክርም። ከእኔ ብዙ የምታንስ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ዲሽ ባለበት ቤት፣ በዓረብኛ የልጆች ቻናል ፊት ተቀምጣ ነው ያደገችው። ዓረብኛ አትችልም። የካርቱኑን መዝሙር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሳሳት ታወርደዋለች። ድመቷን እንደ ማይክ ይዛ አንዱን መዝሙር ስትለቅባት፣ ድመቷም ወገቧን እየነቀነቀች በዓረብኛ ስትመልስላት፣ ሱቁ በሳቅ ይደበላለቃል። መርካቶ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት «ወላሂ፣ ልጆቼ ይሄንኑ ሲዘፍኑ ነው ያደጉት!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና በአንዷ ፈንታ ሁለት ገዝተው ሄዱ። የአንበሳ ግሳት፣ የጠንቋይ ሳቅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የማትችለው የለም። እኔ ባዶ እጄን ቆሜ «እዚህም ይሞከራል» ስል፣ «ግድ የለም እናት፣ እሷን እንጠብቃለን» ይሉኛል። እሷን «ቆንጆ»፣ እኔን «እናት»። እሷ ራሷ የምትጠራኝ «ማዘር» ብላ ነው። ማዘር! አርባ እንኳ አልሞላኝም። ጋሼ ለገና ያደሉን ቀይ ቆብ ሳይቀር እሷን የፖስታ ካርድ ሲያስመስላት፣ እኔን ጆሮዋን የታመመች ዘበኛ አስመሰለኝ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ መኖር እችል ነበር። ሸክሙ የከበደኝ በልጄ ሲመጣብኝ ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ትምህርት ቤቷን ግን አልቀየርኩም፣ እዚሁ ቂርቆስ ነው የምትማረው። ከክፍል ስትወጣ ሱቅ ትመጣና እስክንዘጋ ከእኔ ጋር ትቆያለች። ከእኔ ጋር ስል ለወጉ ያህል ነው። በሩን ገፍታ ትገባለች፣ ቦርሳዋን ትወረውርልኛለች፣ ሮጣ ባልደረባዬ አንገት ላይ ትጠመጠማለች። ቦርሳው ለእኔ፣ መሳሙ ለእሷ። የምሳ ዕቃውም ለእኔ፣ የቤት ሥራውም ለእኔ፣ ከአፍንጫዋ የሚወርደውም ለእኔ።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣

«እማ፣ አንቺ ለምንድን ነው ድምፅ የማትችይው?» አለችኝ።

«የምን ድምፅ?»

«የካርቱን። እሷ ሁሉንም ትችላለች። አንቺ ልጅ ሆነሽ ካርቱን አይተሽ አታውቂም?»

«አይቻለሁ እንጂ።»

«እሺ አንዱን ዝፈኚ።»

አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት «ዝፈኚላት እንጂ፣ ምን አለበት!» ብለው ሳቁ። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ባዶም ቢሆን የምዘፍነው አልነበረኝም። «ዛሬ ደክሞኛል» አልኳት። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ባልደረባዬ ደንበኛ ብትወስድብኝ ሌላ ደንበኛ ይመጣል። ልጄን ብትወስድብኝ ግን ሌላ ልጅ የለኝም። ሰው እንዴት በድመት ባትሪ ልጁን ይቀማል ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ምሽት እስክንወርድ ድረስ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ካርቱን አይቻለሁ ያልኳት ውሸት አይደለም። አልሰማሁም እንጂ አይቻለሁ። በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት ወለላቸውን በሰም የሚወለውሉ ሴት ስለነበሩ እግራችንን ያዩና በሩን ይዘጉብናል። የሚገቡት ሴት ልጃቸውና እሷ የመረጠቻቸው ሁለት ጓደኞቿ ብቻ ናቸው። እኔ አንድም ቀን አልተመረጥኩም። የልጆች ፕሮግራም ሰዓት ሲደርስ የቀረነው የመስኮቱን ብረት ይዘን እንንጠለጠላለን። ምስሉ ይታያል፣ ድምፁ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ውስጥ ያሉት ሦስቱ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ በምን እንደሳቁ ግን አላውቅም። አንጀቴ እርር ይል ነበር። እስከ ዛሬ የዚያችን ልጅ ነጭ ካልሲ ሳስታውስ እርር ይላል።

ምን ይደረግ፣ ንግግሩን እኛው እንሞላው ጀመር። ዣንጥላ ከእጁ የማይለይ አንድ ጃርት ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚቆጣ የቀበሌ ሊቀመንበር አደረግነው። ከኋላ ከኋላው የምትሮጠው ዳክዬ «ስኳር ሳይደርሰኝ ፈረምክብኝ!» እያለች የምትከራከር ጎረቤታችን ሆነች። አብዛኛውን የምናገረው እኔ ነበርኩ፣ እመቤቲቱ ሰምተው እንዳያባርሩን በሹክሹክታ። ይህ ታዲያ ለማን ይወራል? ባልደረባዬ ሥራ ሲቀዘቅዝ ስለ ልጅነቷ ካርቱን ታወራና «አንቺስ ማዘር፣ የቱን ትወጂ ነበር?» ትለኛለች። «ኧረ ረስቼዋለሁ» እላታለሁ። እሷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ያየችውን እኔ ብረት ላይ ተንጠልጥዬ ማየቴን ልነግራት አልፈልግም።

የገና ሳምንት ገባ። አንድ ጠዋት ስንመጣ ከጎናችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቷል፤ የባለቤቱ እናት አርፈዋል። የእኛ ሱቅ በር ላይ ልጅ ለመሳብ ቀኑን ሙሉ ካርቱን የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አለ። ጋሼ ገና ጃኬታቸውን ሳያወልቁ «ድምፅ ይጥፋ!» አሉ። «ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ እዚህ ጭፈራ? በምን ዓይኔ ድንኳን ልገባ ነው?» ስክሪኑ ምስሉ ብቻ ቀረ። ድመቶቹ ዕቃ ቤት ገብተው፣ በር ተዘግቶ፣ ቀስ ተብሎ እንዲሞከሩ ታዘዘ። ዕቃ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ባልደረባዬ እናቶቹን አንድ በአንድ ታስገባለች፤ ልጆቹ ውጭ ከእኔ ጋር ይጠብቃሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሰው ሞት ደስ አይባልም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ያ የዓረብኛ መዝሙር አንድ ቀን እንኳ አፉን ሲዘጋ ጆሮዬ ቅቤ የጠጣ መሰለኝ። ደስታዬ የቆየው ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ነው። ቦርሳዋን አቀበለችኝ፣ ዙሪያዋን አየች፣ «የት አለች?» አለች፣ ቀጥ ብላ ዕቃ ቤት ገባች። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የታፈነ ሳቅ ይሰማኛል፣ የልጄ ሳቅ ይለያል። አሁንም እነሱ ውስጥ፣ እኔ ውጭ።

ውጭ የቀሩት ልጆች መነጫነጭ ጀመሩ። አንዱ ፊኛ ይቆነጥጣል፣ ሌላው የገናውን ዛፍ ጥጥ ይነጫል። ቀይ ጫማ ያደረገች ትንሽዬ ልጅ ስክሪኑ ፊት ቆማ «ድምፅ የለውም» አለችና ከንፈሯን ለለቅሶ አዘጋጀች። ስክሪኑ ላይ አንድ ወፍራም ድብ ብስክሌት ለመንዳት ይታገላል። ካርቱኑን አላውቀውም። ልጅቷ ካለቀሰች ጋሼ እንደሚጮሁብኝ ግን አውቃለሁ። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና በጆሮዋ፣

«ይሄ ድብ እኮ ቄራ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ነው» አልኳት። «ለገና በሬ ሊገዛ ወጥቶ ታክሲ አጣ።»

ከንፈሯ ተመለሰ። «ከዛስ?»

ድቡ ከነብስክሌቱ ተገለበጠ። «ከዛማ ትራፊክ ያዘው። "መንጃ ፈቃድ!" አለው። ድቡ ደግሞ "ጌታዬ፣ ለብስክሌትም አለ እንዴ?"»

ፊኛ የሚቆነጥጠው ልጅ ሳቀና መጣ። ጥጥ የሚነጨውም መጣ። ሐዘን ነውና የማወራው በሹክሹክታ ነው፤ ለመስማት መጠጋት ነበረባቸው፣ ተጠጉ። አንዱ ትከሻዬ ላይ አገጩን አስደገፈ። እግሬ ሲዝል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ባለቀይ ጫማዋም ሳትጠይቅ ጭኔ ላይ ወጣች። ድቡ ወንዝ ገባ፣ «የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ» አስባልኩት። አንዲት ጥንቸል ካሮት ወረወረችበት፣ «ቆጣሪው የጎረቤት ነው!» አስባልኳት። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ይንፈራፈራሉ። ቃሉ ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም፤ ምስሉ ሲንቀሳቀስ አፌ ይከተለዋል። እንዲህ ልጅ ከቦኝ አያውቅም።

የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተና ልጄ ብቅ አለች። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ መጥታ ትቀመጣለች፣ «እማም ትችላለች!» ትላለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው። የምታየው ጭኔን ነበር። ፊቷ ቀላ፣ አፍንጫዋ ተነፋ። በልጆቹ መሀል እየረገጠች መጣችና ባለቀይ ጫማዋን በሁለት እጇ ገፈተረቻት።

«ተነሺ! የኔ እናት ናት! ወደ እናትሽ ሂጂ!»

ጩኸቷ ሕንፃውን አናጋው። ባለቀይ ጫማዋ በቂጧ ወለሉ ላይ አረፈችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጋሼ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ «ሐዘን አለ አላልኩም?» እያሉ ተነሱ። እናትየዋ ድመቷን እንደታቀፈች ከዕቃ ቤት ሮጣ ወጣች፣ ባልደረባዬም ተከተለቻት። ልጄ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ጭኔ ላይ ወጥታ፣ አንገቴን በሁለት እጇ አንቃ፣ ሊጠጋ የሚሞክረውን ሁሉ በእግሯ ትከላከላለች።

ሁሉም ልጄን እንድቆጣ ይጠብቁኛል። ልክ ናቸው። የሰው ልጅ ተገፍትራለች፣ ደንበኛ ተቀይማለች፣ ጎረቤት ሐዘን ላይ ነው። እናትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አታናግሪያትም እንዴ?» አለችኝ። «ነውር ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። የልጄ ልብ ደረቴ ላይ ድው ድው ይላል።

«እሺ የኔ እመቤት» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማኝ፤ «ያንቺ ነኝ።»