የመተማዋ ቻይነሽና የቡሬ በርበሬ

ቻይነሽ የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሰው የሚያውቃት ግን በመተማ ነው። እኔ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ብዙ ዓመት ከእሷ ጋር ስለሠራሁ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ያላየሁትን ሰማሁ እላለሁ።

መተማ ዮሐንስ ዳር አገር ነው። አንድ ረጅም መንገድ አለ፣ ወርዶ ወርዶ ትንሽ ድልድይ ላይ ያልቃል፤ ከድልድዩ ወዲያ ገላባት ነው፣ ሱዳን። ድሮ ቡናና ማር በግመል የሚሻገርበት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ሰሊጥ ነው። በመስከረም ከጎጃም ስንቱ ሰው ለአጨዳ ይወርዳል፤ የቀን ሠራተኛውን እዚያ ሳሉግ ይሉታል። ሳሉጉ ሲመጣ ጠላ ሻጯም፣ ጫማ ሻጩም፣ አልጋ አከራዩም ይኖራል። ኬላው ሲዘጋ ደግሞ ከተማው እንዳለ ቁጭ ይላል። ወዲያ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህማ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል።

ቻይነሽም መጀመሪያ የወረደችው ለአጨዳ ነው። ወገቧ እምቢ ሲላት ለሳሉጎቹ ወጥ መሥራት ጀመረች። ሀጂ ባቢክር የሚባሉ የገላባት ነጋዴ ወጧን ቀምሰው፣ ይህ በርበሬ ከየት ነው አሏት። ከአገሬ ከቡሬ አለች። አምጪልኝ አሏት። ንግዷ እንዲህ ነው የተጀመረ።

የመጀመሪያውን ጭነት የሰጧት ታላቅ ወንድሟ አያ መንበሩ ናቸው። በእኛ አገር ዛላ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከመጠቅጠቁ በፊት ውሃ ይረጭበታል። ደረቁን ቢጠቀጥቁት ይሰባበራል፣ ፍሬው ይረግፋል፣ ገዢ ይንቀዋል። ማንም እንደ ክፋት አያየውም፤ አባት ለልጅ ያስተማረው ሥራ ነው። ቡሬ ነፋሻ ነውና ምንም አይሆንም።

መተማ ግን እሳት ነው። በርበሬው ሁለት ቀን በአይሱዙ ታፍኖ ሄዶ፣ ሳምንት በቆርቆሮ ቤት ከርሞ፣ ሀጂ ጆንያውን ሲፈቱት መሀሉ ነጭ ሻጋታ። መልሰው አሰሩት። በክፉ አልተናገሯትም፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ግን ከሌላ ሰው እገዛለሁ አሏት። የገበያው ነጋዴዎች መከሯት። አስፈጪው፣ ዱቄት ከሆነ ማን ያያል፣ ሳሉጉ ይበላዋል አሏት። ቻይነሽ ወደ እኔ ዞራ አካፋ አለህ ወይ አለችኝ። ለምን አናቃጥለውም አልኳት።

«በርበሬ አቃጥለህ በጢሱ ሁለት መንግሥት ልታስል ነው?» አለችኝ። አልሳቀችም። ቆፍረን ቀበርነው።

የከበደው ለአያ መንበሩ መንገሩ ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አንቱ አበላሹት አይባልም። ዘወር አድርጋ ብታነሣባቸው፣ ሹፌሩ ዝናብ አስመትቶት ይሆናል አሉ። ሌላው ገበሬ ደግሞ የሳቸውን አፍ ነው የሚያይ። እሳቸው መርጨቱን ካልተዉ ማንም አይተውም፤ ካልተወ ደግሞ ቻይነሽ መተማ ላይ ያላት ቦታ አለቀ።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ምን አደረገች፣ አንድ ጆንያ የሚሞላ ዛላ ለብቻዋ ወስዳ ማታ ሜዳ ላይ ሰሌን ዘርግታ አሰጣችው። ጎሕ ሲቀድ ሄደን ብናየው ጤዛው አግኝቶት ዛላው እንደ ቆዳ ይለመጣል። ጤዛ ላዩን ብቻ ነው የሚያለሰልስ፤ ሆዱ ውስጥ አይገባም። ፀሐይ ሳትወጣ ጠቀጠቅነው፣ አንድም አልተሰበረ። ጎረቤቷ ክንዱ፣ ቻይነሽ ዘንድሮ ጤዛ ልትነግድ ነው እያለ ሰፈሩን አሳቀባት። አያ መንበሩም የራሳቸውን እንደ ልማዳቸው ረጩ። ቻይነሽ ቆማ አየች። መኪናው ሲጫን ግን ቀረብ ብላ፣

«አያ፣ ዘንድሮ አብረውኝ ይውረዱ። ጭነቴን የሚጠብቅልኝ ወንድም አጥቼ ነው» አለቻቸው።

እንዲህ ተብለው እንዴት እምቢ ይበሉ። ወረዱ። ጠብታ ዝናብ አላገኘንም፤ ይህን በዓይናቸው አዩ። ጎንደርን አልፈን ቆላው ሲጀምር ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ቀጥለው ኮታቸውን። ሰው እዚህ ይኖራል ወይ ብለው ሹፌሩን ጠየቁት። ሀጂ እስኪመጡ አምስት ቀን በቆርቆሮው ቤት ከበርበሬው ጋር ተቀቀልን።

ሀጂ የመጡ ቀን ቻይነሽ የጆንያውን ስፌት የሚቆርጡበትን ቢላዋ ለአያ መንበሩ ሰጠቻቸው። የራሳቸውን ጆንያ ፈቱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ሲያወጡት መዳፋቸው ነጭ ሆኗል። የጤዛውን ፈቱ፤ ደረቅ፣ ቀይ፣ ሲነኩት ፍሬው ሆዱ ውስጥ የሚንሿሿ። ነጋዴው ሁሉ ከቦ ያያል። ሀጂ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቻይነሽ ቀደመቻቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ አለች።

አያ መንበሩ ነጩን መዳፋቸውን ለሀጂ ዘረጉ።

«የሷ አይደለም» አሉ። «ውሃውን የረጨሁት እኔ ነኝ። የአምናውንም እኔ ነኝ።»

ሀጂ ወንበር አስመጡላቸው። አንዷን የጤዛ ጆንያ ብቻ ወሰዱና፣ የቀረ በርበሬ ካላችሁ እንደዚህ አድርጋችሁ አምጡ ብለው ተሻገሩ።

በአገራችን ትልቅ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ብዙ አይቼ አላውቅም። አያ መንበሩ ግን ቡሬ ተመልሰን በጥር ሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ክንዱ ጤዛው ስንት ተሸጠ ብሎ ሰውን ሲያስቅ፣ ጽዋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። በእህቴ የምትስቁት እኔን አምናችሁ ነው፣ እኔ ደግሞ ተሳስቼ ነበር፣ ከእንግዲህ በቤቴ በርበሬ ላይ ውሃ አይረጭም አሉ። ቻይነሽ ከሴቶቹ መሀል ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትስብ አየሁ።

በሳምንቱ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ የአሥራ አንድ ቤት በርበሬ ተሰጥቶ ነበር። ቻይነሽ ከሰሌን ሰሌን እየዞረች ዛላውን በጣቷ እያጠፈች፣ ይኼ ደርሷል፣ ይኼ ትንሽ ይቆይ ትላለች። ክንዱም ሰሌኑ ዳር ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አያ መንበሩ ጋ ስንደርስ የምናየው አልነበረም። ቀድመውን በጤዛው ጠቅጥቀው፣ የጆንያውን አፍ እየሰፉ ነበር።