ጠላ የተወው እንዳለው

ባለቤቴ እንዳለው ከደባርቅ ወደ ተራራው የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ ያመላልስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ስለ እሱ ያለ ጥርጥር የምናገረው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ጠላ አይጠጣም። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ከጠመቅሁት አንድ ጣሳ ጠጣና ጣሳውን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጠላ በአፌ አይዞርም» አለ። የንስሐ አባታችን አባ ሰይፈ ሥላሴ በዚያው ሰሞን ስለ ስካር አስተምረው ስለነበር፣ ትምህርቱ ገብቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

በቅሎው ወለላም እንደ ጌታዋ ነበረች። የጎረቤት ከብት ተጋፍቶ የሚጨርሰውን የጠላዬን አተላ ሳቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። «እሷም መንናለች» እያልሁ እስቅ ነበር። እንዳለው አይስቅም፤ ወደ ጣሪያው ያያል።

ባለፈው ነሐሴ ሦስት ቀን ታሞ አረፈ።

ሚያዝያ ላይ የወንድሜ ልጅ ስጦታ ተዳረች። ሙሽራው ወደሚጠብቃት መንደር መኪና አይገባም፤ ባጃጅ መንገዱ ጫፍ ላይ ካወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት በበቅሎ ያስኬዳል። ሙሽራዋ በወለላ ተጫነች፤ በቅሎዋ ከባለቤቴና ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሲስባት ስለማትወድ፣ ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ ልጓሟን ያዝሁ።

እኩለ መንገድ ላይ ጉም ወረደ። የስጦታ ቬሎ ከጉሙ አልለይ ብሎ፣ በቅሎዋ ሁለት ጫማ ብቻ ጭና የምትሄድ መሰለች። ሚዜዎቹ ጭፈራውን አላቆሙም፤ አንዱን ከቁጥቋጦ ጋር ፊት ለፊት እስክስታ ሲወርድ አገኘነው።

ወለላ ድንገት ቆመች። ሳብኋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጆሮዋን ቀስራ ወደ ግራ ታያለች። እኛ በዚያ በኩል የምናየው ነጭ ነገር ብቻ ነው።

«ነብር ነው» አለ የሙሽራው አጎት አያ ገዱ። «በቅሎ ነብር ካልሸተታት እንዲህ አትሆንም።»

«መልአክም ይሆናል» አሉ ሊመርቁ አብረውን የመጡት አባ ሰይፈ ሥላሴ። «እኛ የማናየውን እንስሳ ያያል።»

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው አንደኛው ሚዜ አሸናፊ «አባ፣ በቅሎ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች እኮ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይሆናል» አለ።

«አፍህን ዝጋ! በሠርጋችን ቀን መሬት ታንቀጠቅጥብናለህ?» አለው ሌላው ሚዜ።

ሁሉም ሳቀ፤ አያ ገዱ ግን አልሳቀም። «በእኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከተጫነች እግሯ መንገድ ላይ መሬት አይነካም። በቅሎዋ ደግሞ ቤታችንን ጠልታ ቆማለች። እንስሳ የጠላውን ጎጆ እኛ አንቀልስም። ጥቂት እንጠብቅ፤ ካልሄደች ልጅቱ ወደ አባቷ ትመለስ።»

ስጦታ ከላይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «አክስቴ፣ እንዳልመለስ አደራሽን! ስድስት ዓመት ነው የጠበቅሁት። አሁን በበቅሎ ምክንያት ልተወው?»

ብስኩት ሰጠናት። ለመንናት። አሸናፊ ከኋላ ገፋት። «ፍሬኗ ነክሷል» ብሎ ተወ። አያ ገዱ ወደመጣንበት ዞሮ ቆመ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። «አንተ እንዳለው! አንተ ከሃዲ! ዛሬ መጣህ?»

ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተቃቀፉ። አባ ሰይፈ ሥላሴ መስቀላቸውን አወጣለሁ ብለው ሞባይላቸውን መዘዙና ወደ ጉሙ ዘረጉት።

ከጉሙ የወጡት ባልዲ ሙሉ አተላ የያዙ አንዲት አሮጊት ናቸው። እማማ እናናዬ ይባላሉ። ጠላ ቤታቸው ከቆምንበት ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ጉሙ ውጦት ነው ያላየነው። የወለላን ቃጭል ሰምተው ነው የመጡ። ወለላ አፏን እስከ ዓይኗ ባልዲው ውስጥ ከተተች።

«ጌታሽ የታል?» አሏት። «ስምንት ወር ሙሉ ምን ብዬው ነው የሚያኮርፈኝ?»

«አርፏል፣ እናቴ» አልኋቸው። «ነሐሴ ላይ።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። እኔ ቤት ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ግን እስከዚያች ደቂቃ በሕይወት ነበረ፤ ያኮረፈ ብቻ።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ውይ! ባለ ጠላዋ?» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጠላዬ ምን ሆነ?»

«ተይው ልጄ። የሙት ነገር አይወራም።»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«"ሚስቴ ወርቅ ናት፤ ጠላዋ ግን ጥርስ ይነቅላል። እንዳይከፋት ብዬ ትቻለሁ አልኋት" ይለኝ ነበር። እሱ ሁለት ጣሳውን፣ ይቺ በቅሎ አተላዋን ጠጥተው ይሄዳሉ። እሱ እየዘፈነ።»

እንዳለው ሲዘፍን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ወደ አባ ሰይፈ ሥላሴ ዞርሁ። ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸውና ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ሰውየው አልዋሸሽም። "በዚህ ቤት" ነው ያለሽ። ስሙ እንዳለው፣ ሥራውም እንዳለው! አያ ገዱ፣ አንተም ስማ፤ በቅሎዋ የቆመችው ቤታችሁን ጠልታ ሳይሆን ጠላ ፈልጋ ነው።»

ቬሎው ውስጥ ስጦታ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔም ሳቅሁ፤ ልጓሙን ለቅቄ፣ ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። አያ ገዱ ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረና አልሆነለትም። እማማ እናናዬ በእንዳለው ጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ምን ይደረግ፣ ጥሩ ጠላ ነው።

ወለላ የባልዲውን ቂጥ ልሳ ቀና አለችና ጉዞ ጀመረች። አሸናፊ ልጓሟን ሲይዝ እንኳ ነገሬ አላለችውም። «ፍሬኑ ተለቀቀ!» እያለ አብሯት ሮጠ። የሙሽራው ደጅ ደርሳም አልቆመችም፤ ሙሽራዋን እንደጫነች ዳሱ ውስጥ ገብታ የጠላው ጋን ሥር ቆመች። ስጦታን ያወረዷት እዚያ ነው። «እንዲህ ቸኩላ ቤታችን የገባች ሙሽራ የለችም» አለ አያ ገዱ።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። ከእማማ እናናዬ ጋር ከኋላ ቀርተን እሱ ይዘፍነው የነበረውን እያስጠኑኝ ነበር። ድምፃቸው ጭራሽ ለዘፈን አይሆንም። የእሱም እንዲሁ ነበር አሉኝ።