ፎጣው የተነጠፈበት ጥግ

ባሕር በሌለበት ከተማ ሰው የሚዋኝበትን ውሃ እየዞርኩ እመረምራለሁ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። “የቦሌ ባሕር ዳርቻ እንዴት ዋለ?” ይሉኛል። ይሳቁ። ሥራዬ ከሆቴሎች መዋኛ ገንዳ ናሙና ቀድቶ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው።

ኦሎምፒያ አካባቢ ያለው ሆቴል የገንዳ ኃላፊ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። የምንመጣበት ቀን ቀድሞ በደብዳቤ ስለሚነገራቸው ገንዳው ጥግ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፈው ይጠብቁኛል። “ነይ ልጄ፣ እዚህ ተንበርከኪ፤ ሲሚንቶው ጉልበትሽን እንዳይጎዳሽ።” ፎጣው የሚነጠፈው ሁልጊዜ ተጣርቶ ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ከሚገባበት ቱቦ አጠገብ ነው። ናሙናው መቀዳት ያለበት ግን ወዲያ ማዶ፣ ልጆች ከሚንቦጫረቁበት ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። “አይ፣ እዚያ ማዶ ልቅዳ” ማለት እኚህን ሽማግሌ ሌባ ብሎ መስደብ መሰለኝ። ይሉኝታ እለዋለሁ እንጂ ፍርሃት ነው። ተንበርክኬ ጠርሙሴን ሞላሁ፤ አመስግኛቸውም ወጣሁ። ውጤቱ ንጹህ ሆኖ መጣ፤ ፈረምኩበት።

ክረምት ላይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እዚያው ገንዳ ዋና ልማር አለች። ብርድ ነው ብዬ ላስቀራት ሞከርኩ። ባለቤቴ ሳቀ። “ውሃውን የምትመረምሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ምን አስፈራሽ?” እውነቱን ልናገር ካልኩ የፎጣውን ነገር ማውራት ሊኖርብኝ ነው። የዋና ልብሷን ራሴ ሃያ ሁለት አካባቢ ሄጄ ገዛሁላት።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጆሮዋ መግል ማውጣት ጀመረ። ጉርድ ሾላ ያለች ሐኪም አየቻትና ኢንፌክሽኑ ታምቡሩን እንደበሳው፣ መስማቷም እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ቆሽቴ አረረ፤ በማን ላይ እንደሆነም አልጠፋኝም።

ሐኪሟ የት እንደምትዋኝ ጠይቃን እየጻፈች፣ “ውሃው ሳይበከል አይቀርም። ሌሎች ልጆችም ስላሉ ለሚመለከተው አካል ላሳውቅ” አለች።

ልጄ ከምርመራው አልጋ ቀና ብላ በኩራት፣ “አይ፣ ውሃው ንጹህ ነው። የምትመረምረው እናቴ ናት” አለቻት።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። “እውነት ነው?”

“አዎ” አልኳት።

“እንግዲያው ሌላ ምክንያት እንፈልግ” አለችና የጻፈችውን ሰረዘችው።