በወሬ የተሰፋ ሱፍ

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» የሚላት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ አንድ የማትሽረው ሕግ ነበራት። የልብሱ ባለቤት ፊቷ ካልቆመ በቀር ልብስ በስፌት መኪና አትጨርስም። በነጭ ክር ላላ አድርጋ ትወሰውስና ታንጠለጥለዋለች።

«ሰው ሥጋ ነው፤ ይከሳል፣ ይወፍራል፤ እኔ የምሰፋው ለሰው ነው እንጂ ለመስቀያ አይደለም» ትላለች።

ይህን ሕግ ያስጣሳት ሬዲዮ ነው። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

አንድ ልጇ ወታደር ነው። ከዘመቻው በፊት ከሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሴት ልጅ ጋር ተጫጭተዋል። ጦርነቱ አለቀ በተባለ ሰሞን አንድ ተንታኝ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ «ሠራዊቱ ወሩ ሳያልቅ ጠቅልሎ እንደሚመለስ ይጠበቃል» አለ። ማን ነገረው? አዛዥ አልጠየቀ፣ ቦታው ድረስ አልሄደ። «ይጠበቃል» ይለኛል ደግሞ! የምትጠብቀው እናት ናት፤ እሱ ምን ይጠብቃል?

ዳቦ ጋጋሪው ግን ሬዲዮ ካወራ አለቀ። የሰርጉን ቀን ቆርጦ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ።

«እትዬ፣ የሙሽራው ሱፍ ደረሰ?»

«ልጁ ይምጣና ይቁምልኝ እንጂ ጋሼ።»

«ሬዲዮውን አያምኑም እንዴ?»

«ሬዲዮ ትከሻ አለው?»

ሰውየው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ወይስ አይመጣም ብለው ነው?»

ይህቺ ቃል ልቧን ወጋቻት። በዚያው ምሽት በድሮው ልክ ሱፉን በመኪና ጨረሰችው። የተረፈውን ጨርቅ ከርክማ ትራስ ሞላችበት።

ወሩ አለቀ። ልጁ የለም። ያው ተንታኝ በዚያው ጉሮሮው፣ ሳያፍር፣ «ወታደሮቹ ለዓመታት መቆየታቸው አይቀሬ ነው» አለ። ይቅርታ የለ፣ ተሳስቼ ነበር የለ! ዳቦ ጋጋሪው እጁ ሊጥ እንደሆነ ወደ ሴት ልጁ ሮጠ።

«ቀለበቱን መልሺ። ደጅ ደጅ ስታዪ አታረጂም።»

ልጅቷ ዳቦ ከምድጃ እያወጣች ነበር። ዘወር እንኳን አላለችም። «አባዬ፣ እኔ የታጨሁት ለተንታኙ ነው እንዴ?»

ሰርጉ አልተሰረዘም፣ አልተደገሰም፤ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሰርጉ ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ ግን፣ እትዬ መርፌ ሱፉን ታቅፋ ስታለቅስ፣ የስፌት ቤቱ በር በአንድ ሰው ትከሻ ጨለመ።

«እማዬ፣ ደግሞ ለማን ነው የምታለቅሺው? እዚሁ ነኝ!»

ለካ የቆዩት ድልድይ ሲጠግኑ ነው። ድልድዩ አለቀ፣ ተለቀቁ። በቃ! አንድ ጋዜጠኛ ሄዶ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ቢል ምላሱ ይቆረጥ ነበር?

እናቱ አቅፋ ከጠገበችው በኋላ ሱፉን አለበሰችው። ልጁ ድንጋይ ሲሸከም ከርሞ ትከሻው በር አክሏል። ተነፈሰ፤ ጀርባው ጧ ብሎ ተተረተረ። ልጁን ለማየት የተሰበሰብን ጎረቤቶች ሁሉ ክው አልን። እትዬ መርፌ ግን ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«የእጄን ነው! መጣ ሲሉኝ ሰፋሁ!»

ሱፉን ለማስፋት የሚሆን ጨርቅ ግን አልነበረም። ልጁ መምጣቱን ሰምቶ እያለከለከ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪ ነገሩ ሲገባው ለሰርጉ ያዘጋጀውን ቡናማ ኮት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ከዚህ ይቁረጡ። ያስቸኮልኩዎት እኔ ነኝ።»

ልጁ ቆሞ፣ እናቱ አፏ ሙሉ ስፒል ይዛ ስትለካ፣ ሬዲዮው ተንታኙን አቀረበ። የወታደሮቹ መመለስ በቅርቡ አይጠበቅም።

«እማዬ፣ ገና አልመጣሁም አሉ።»

«ቀጥ ብለህ ቁም!» አለችና ሬዲዮውን በክርኗ ዘጋችው።

በነጋታው ሙሽራው ጀርባው ላይ ሰፊ ቡናማ ጨርቅ በገባበት ጥቁር ሱፍ ጨፈረ። መደበቅ ሲገባው ሆን ብሎ ጀርባውን ለሰው እየሰጠ ዞረ። አማቱ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባል።

«እዩት! እዩት! ያ የእኔ ኮት ነው!»